ከአሮጌ ዩፒኤስና ከመኪና ባትሪ ለጉድጓድ ፓምፕ መጠባበቂያ መብራት አሠራር

እኛ ያለነው ጎጃም ሜጫ ነው፣ ከቆጋ ቦይ ከፍ ብሎ ያለው ሰፈር። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ነው የተሠራው፣ ግን ቦይ ዳገት አይወጣምና እኛ የምንተዳደረው በጉድጓድ ነው። ጉድጓዳችን በእጅ የተቆፈረ ነው፣ በበጋ ውሃው ወደ አምስት ሜትር ይወርዳል፣ በግማሽ ፈረስ ጉልበት ዲናሞ እየሳብን ወደ ሮቶ እናወጣዋለን። አምና የካቲት ላይ ስምንት መደብ የሽንኩርት ፍል ዘርቼ ገና በደንብ ሳይቆም መብራት ሄደ፣ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያልን አራት ቀን ሞላ፣ በሦስተኛው ቀን ፍሉ ጫፉ እንደተለበለበ ክር ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ፣ እኔና ልጆቹ በገመድና በጀሪካን እየጎተትን እጃችን ውሃ ቋጠረ፣ ከስምንቱ የተረፈው ሦስት መደብ ነው። ጀነሬተር ያለው ጎረቤት ነበረ ግን ቤንዚኑ ከየት ይምጣ።

ከዛ በኋላ ነው ይሄን መጠባበቂያ ከተጣለ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን በባትሪ ከምታቆይ ሳጥን፣ እና ከኢሱዙ ከወረደ ባትሪ የሠራሁት። ብዙ ሰው እየመጣ ስለሚጠይቀኝ ሁሉንም በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር፣ ምክንያቱም ባትሪና 220 ቮልት አንዴ ከተሳሳቱ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጡ ይችላሉ።

ዕቃ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ "ፓምፔን ሙሉ ቀን የሚያስነሳ ባትሪ ስንት ነው" ብሎ ይጠይቃል፣ ዋጋውን ሲሰማ ይተወዋል። ጥያቄው መሆን ያለበት መብራት በሌለበት ቀን ሳይሞት ለመዋል ስንት ሊትር ውሃ ያስፈልገኛል የሚለው ነው። በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል፣ ስለዚ 1 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መደብ 50 ሊትር፣ ስምንት መደብ 400 ሊትር። ለከብቶቹ 100፣ ለቤት 100 ብትሉ በጠቅላላው 600 ሊትር ነው። በቃ! አንድ ቃዳ ሙሉ ማለትም ሩብ ሄክታር ላጠጣ ካላችሁ ግን በዛው ስሌት 12,500 ሊትር ይመጣል፣ እሱ በዚህ አይሆንም፣ ለሱ የናፍጣ ወይም የቤንዚን ፓምፕ ነው የሚያዋጣው፣ አትድከሙ።

አሁን የራሳችሁን ፓምፕ ለኩ። መብራት ባለበት ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ሮቶው አፍ ላይ፣ ውሃው በሚፈስበት ከፍታ ማለቴ ነው፣ አስቀምጡና በስልክ ሰዓት ስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ያዙ። የኔ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ስለዚ 600 ሊትር ለማውጣት 30 ደቂቃ። ዲናሞው ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ 370 ዋት ትላለች፣ ግን ያ ዘንጉ የሚሰጠው ጉልበት ነው፣ ከመስመር የሚስበው ከዛ ይበልጣል። እዛው ቆርቆሮ ላይ ያለውን አምፔር በ220 አባዙት፣ የኔ 2.5 አምፔር ስለሚል 550 ይመጣል። 550 ዋት ለግማሽ ሰዓት ማለት 275 ዋት ሰዓት፣ ዩፒኤሱ በመንገድ የሚበላውን ስትጨምሩ ከባትሪው የሚወጣው 350 አካባቢ። በ24 ቮልት፣ ማለትም በተከታታይ በተያያዙ ሁለት ባትሪዎች፣ ሲካፈል 15 አምፔር ሰዓት ነው፣ ይሄን ደግሞ ከመኪና የወረደ ባትሪም ይችለዋል። እንግዲህ የነገሩ ቁልፉ ይሄ ነው፣ መብራት በባትሪ ከማጠራቀም ውሃ በሮቶ ማጠራቀም ይረክሳል። ገንዘብ ከተረፋችሁ ሦስተኛ ባትሪ አትግዙ፣ ሁለተኛ ሮቶ ግዙ፣ ሮቶ አያረጅም፣ አሲድ አይፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ጉድጓዱ። መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ በስሌት እስከ 10 ሜትር ቢደርስ ነው፣ እኛ ግን ከፍታ ላይ ነን፣ ባሕር ዳር እንኳ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ማርቆስማ ከዛም በላይ። እዚህ በስሌት 8 ሜትር አካባቢ፣ በተግባር ደግሞ 6 ሜትር ካለፈ ፓምፑ ይንገዳገዳል፣ ብዙ መብራት እየበላ ትንሽ ውሃ ነው የሚሰጣችሁ። ውሃችሁ ከዛ በታች ከወረደ ፓምፑን ወደ ውስጥ ዝቅ አድርጉት፣ ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ጠንካራ መደርደሪያ ሠርቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ግን ጉድጓድ ውስጥ ብቻችሁን አትውረዱ፣ አየሩ ሊበከል ይችላል፣ ቤንዚን ፓምፕ ደግሞ በፍጹም ጉድጓድ ውስጥ አታስነሱ፣ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ሰው እንቅልፍ እንደወሰደው ሆኖ ነው የሚቀረው።

እሺ ወደ ዕቃው እንግባ። ዩፒኤስ ማለት ኮምፒውተር ሥር የምትቀመጠው ጥቁር ሳጥን ናት፣ ባንክና ቢሮ የውስጥ ባትሪዋ ሲሞት ራሷን ይጥሏታል፣ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ትገኛለች። እኔ ባሕር ዳር ነው የገዛሁት፣ የባትሪን ወደ 220 የሚቀይር አዲስ ኢንቨርተር ዋጋ ሩብ እንኳ አልደረሰም። ትንሿን 650 ቪኤ (ቪኤ የምትሸከመው ጉልበት መለኪያ ነው) አትግዙ፣ ለፓምፕ አትሆንም፣ ዲናሞ ሲነሳ ለአንድ አፍታ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባልና ወዲያው ትጠፋለች። 1500 ቪኤ እና ከዛ በላይ ፈልጉ። ክፈቱና የባትሪ ቦታዋን እዩ፣ ሁለት 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ የምትይዝ ከሆነች 24 ቮልት ናት፣ ሦስት የሚይዝም አለ፣ እሱ 36 ነው፣ በግምት አታገናኙ። ሌላው ፈተና ከመስመር ሳትሰካ በባትሪ ብቻ መነሳት አለባት፣ አንዳንዷ መብራት ካላየች አትነሳም፣ እሷ መብራት በሌለበት ቀን ምን ታደርጋለች? ስለዚ ሁለት ትንንሽ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት አስነሱ፣ 100 ዋት አምፖል አብሩባት።

ባትሪው ላይ ጊዜ ስጡ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሞተው በሱ ነው። ከጋራዥ የወረደ ባትሪ ሁሉ የሞተ አይደለም፣ ከባድ መኪና በማለዳ ለማስነሳት ያቃተው ባትሪ ለኛ ሥራ ገና ጉልበት ሊኖረው ይችላል። ግን ሻጭ "ገና ደህና ነው" ስላላችሁ አትመኑ፣ እኔ አምኜ አንዱን ከስሬ መልሻለሁ። እንዲህ ነው የሚፈተነው። መጀመሪያ እዩት፣ ጎኑ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ አናቱ ላይ አሲድ የሚያፈስ ከሆነ አትንኩት። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ከፍታችሁ እዩ፣ ውሃው ከሳህኖቹ በታች ወርዶ ከደረቀ ዋጋ የለውም፣ ትንሽ ብቻ ከጎደለ የባትሪ ውሃ ሙሉ፣ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ አሲድም አትጨምሩ። ከዛ ጋራዥ ወስዳችሁ ሙሉ ቻርጅ አስደርጉና ምንም ሳታገናኙበት ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት በቴስተር ለኩ፣ 12.5 እና ከዛ በላይ ካለ ተስፋ አለው፣ 12.2 ካለ ግማሹ ሌሊት ላይ ፈሷል ማለት ነው፣ 10.5 አካባቢ ካለ ከስድስቱ ክፍል አንዱ ሞቷል፣ እሱ አይድንም፣ በቃ መልሱት።

ቮልት ብቻውን ግን ያታልላል፣ 12.6 ብሎ አድሮ ሥራ ሲሰጡት የሚወድቅ ሞልቷል። ስለዚ የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 55 ዋት የሆነችውን፣ አገናኙበትና ሰዓት ያዙ። አምፖሏ 4 ተኩል አምፔር አካባቢ ነው የምትስበው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለኩ፣ አምፖሏ እንደበራች ቴስተሩ 12.0 ሲል አቁሙ። ሰዓቱን በ4 ተኩል አባዙት፣ ያ ነው ሳትጎዱት ልትጠቀሙበት የምትችሉት። የኔ አንደኛው ስድስት ሰዓት ቆየ፣ ሌላኛው አምስት ተኩል፣ ማለት 27 እና 25 አምፔር ሰዓት። ለፓምፑ 15 ነው የምፈልገው፣ ነገር ግን ፓምፑ በአንዴ 29 አምፔር አካባቢ ስለሚስብ ባትሪ በፍጥነት ሲሳብ ከሚችለው ያነሰ ነው የሚሰጠው፣ ትርፉ ለሱ ነው። አራት ሰዓት ያልሞላ ባትሪ አትውሰዱ። ሁለቱ ደግሞ ተቀራራቢ ይሁኑ፣ አንዱ ጠንካራ አንዱ ደካማ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው የለም፣ ደካማው እየተጎተተ ይሞታል፣ ባትሪም እንደዛው ነው።

አገጣጠሙ ቀላል ነው ግን በጥንቃቄ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የቁልፉን እጀታ በናስትሮ ጠቅልሉት፣ ቁልፍ ሁለቱን የባትሪ ጫፍ ካገናኘ እንደ ብየዳ ነው የሚያቀልጠው። ሁለቱን ባትሪ ለየብቻ ሙሉ ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር አገናኙ፣ የቀሩት ሁለት ጫፎች ላይ ስትለኩ 25 አካባቢ ካገኛችሁ ልክ ነው። ወደ ዩፒኤሱ የሚሄደው ገመድ ወፍራም መሆን አለበት፣ እኔ ከአሮጌ መኪና የወጣ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ነው የተጠቀምኩት፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይብለጥ። ቀጭን ገመድ ከሆነ ይሞቃል፣ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ዩፒኤሱም ባትሪው ያለቀ መስሎት ይጠፋል። ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ 80 አምፔር ፊውዝ አስገቡበት፣ ከተጣለ መኪና የፊውዝ ሳጥን ይገኛል። ፊውዙን ለመዝለል በሽቦ የሚያስሩ አሉ፣ እባካችሁ፣ ቤቱ የሣር ይሁን የቆርቆሮ እሳት አይመርጥም።

የዩፒኤሱን የድሮ ባትሪ አውጥታችሁ ቀይና ጥቁሩን ሽቦ ወደ ውጭ አውጡ፣ ቀይ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁር ከኔጋቲቭ፣ ከማገናኘታችሁ በፊት ሦስቴ እዩ፣ ከተገላበጠ ውስጡ በዛው ቅጽበት ይቃጠላል። ኔጋቲቩን መጨረሻ ላይ አገናኙ፣ ያኔ ትንሽ ብልጭ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ስለዚ ከባትሪው ክዳን ራቅ ብሎ ዩፒኤሱ ጋ ይሁን የመጨረሻው ግንኙነት፣ ምክንያቱም ቻርጅ የተደረገ ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል።

ዩፒኤስ የተሠራው ለአምስት አሥር ደቂቃ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ስታሠሩት ውስጡ ያሉት አልሙኒየሞች እጅ ያቃጥላሉ። እኔ ከሞተ ኮምፒውተር ሁለት ማራገቢያ ፈትቼ፣ 12 ቮልት ስለሆኑ ሁለቱን በተከታታይ 24ቱ ላይ በትንሽ ማብሪያና በትንሽ ፊውዝ አገናኘሁ፣ ክዳኑን በስቼ አልሙኒየሞቹ ላይ እንዲነፍሱ አደረግኳቸው። ይሄን ሳልሠራ በፊት በ12 ደቂቃ ትጠፋ የነበረችው ዩፒኤስ አሁን ችግር የለባትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል፣ የዩፒኤሱን የመግቢያ ገመድ ግድግዳ ላይ አትሰኩ፣ ቁረጡት። አንዳንዱ ዩፒኤስ ከመስመር ሲሰካ የባትሪ ሽቦው ራሱ 220 ሊኖርበት ይችላል፣ ባትሪውን ውጭ አውጥታችሁ ልጅ ቢነካውስ። ከዩፒኤሱ ወደ ቤት መስመርም አትስጡ፣ ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው አይቻለሁ፣ ያ መብራት በቆጣሪው አልፎ ውጭ ይወጣል፣ መስመር ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን የሰው ልጅ ይገድላል። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፣ የፓምፑን ሶኬት ከግድግዳ ንቀሉ፣ ዩፒኤሱ ላይ ሰኩ። መብራት ሲመጣ መልሳችሁ ግድግዳው ላይ። ሁለቱ በምንም አይገናኙም። የዲናሞው አካል ደግሞ የመሬት ሽቦ ይኑረው፣ እርጥብ ቦታ ነው፣ በባዶ እግርና በእርጥብ እጅ ሶኬት አትንኩ።

አሁን ሙከራ። መጀመሪያ አምፖል፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት አምፖል፣ ከዛ ፓምፑ። የኔ የመጀመሪያ ቀን ፓምፑ "እምምም" ብሎ ብቻ ቆመ፣ ዘንጉ አይዞርም፣ ዩፒኤሱ እየጮኸች ጠፋች። ዩፒኤሷ አነሰች ብዬ ልመልሳት ነበር። በኋላ ፓምፑን ከመስመር ነቅዬ ከኋላ በኩል ዘንጉን በካቻቢቴ ሳዞረው በቀላሉ ዞረ፣ ስለዚ አልተጣበቀም፣ ኮንደንሰሩ ነበር። ጎኑ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለችው በርሜል መሳይ ነገር ስትደክም ዲናሞ በመስመር መብራት እንደምንም ይነሳል፣ በዩፒኤስ ግን እምቢ ይላል። ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚመስል፣ ቮልቱ 450 የሆነ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ፣ በአንዴ ተነሳ። ከመንካታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፍ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ አገናኙ፣ ከመስመር ቢነቀልም መብራት ይዞ ይቆያል።

ሌላው የመነሻ ጉዳይ ቫልቭ ነው። አንዳንድ ባለሙያ ቫልቭ ዘግታችሁ አስነሱ ይላል፣ ያ ለትልልቁ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ልክ ነው። እነዚህ ትንንሽ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፖች አብዛኞቹ ግን ውስጣቸው ብዙ ጥርስ ያለው ጠፍጣፋ ጎማ መሳይ ነው ያለው፣ እነሱ የተገላቢጦሽ ናቸው፣ መውጫው ሲዘጋ የበለጠ ይስባሉ። ስለዚ ሙሉ ከፍታችሁ አስነሱ። ፓምፑን በውሃ ሳትሞሉ ደግሞ አታስነሱ፣ ደረቁን አንድ ሁለት ደቂቃ ከዞረ ማኅተሙ ይቃጠላል፣ ባትሪውም በከንቱ ይፈሳል። ጉድጓድ ውስጥ ቧንቧው ጫፍ ላይ ሆና ውሃው እንዳይመለስ የምትይዘው ፉት ቫልቭ የምታፈስ ከሆነ አስቀድማችሁ ቀይሯት፣ መጠባበቂያ መብራት በየቀኑ ውሃ ለመሙላት አይባክንም።

የዩፒኤስ መብራት እንደ መስመሩ ለስላሳ አይደለም፣ ስለዚ ዲናሞው ትንሽ ያንጎራጉራል፣ ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል። 15 ደቂቃ አሠርታችሁ 15 ደቂቃ አሳርፉት፣ በእጃችሁ ጀርባ ዳሱት፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ይቆይ። ቴስተሩን ባትሪው ላይ እንደሰካችሁ ተዉት፣ ፓምፑ እየሠራ 23 ቮልት ሲደርስ አቁሙ። ዩፒኤሱ ራሱ እስኪያጠፋ አትጠብቁ፣ እሱ የሚያጠፋው 21 አካባቢ ሲወርድ ነው፣ ያኔ ባትሪው ተጎድቷል፣ እንደዛ አሥር ጊዜ ከተደረገበት አለቀለት።

ቻርጁ፣ የዩፒኤሱ የራሱ ቻርጀር ለነዚህ ባትሪዎች በጣም ትንሽ ነው፣ እሱን እርሱት። መብራት ሲመጣ በ24 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ወይ ጋራዥ ወስዶ ማስሞላት ይቻላል፣ መብራቱ ሲመጣ ወዲያው አስሞሉ፣ ባዶውን ያደረ ባትሪ ውስጡ ይጠነክራል፣ አይመለስም። ያገለገለ ሶላር ካገኛችሁ ይበልጣል። ሶላር ስትገዙ ሴሎቹን ቁጠሩ፣ 36 ካለው ለ12 ቮልት ነው፣ ሁለቱን በተከታታይ አድርጉ፣ 72 ካለው ብቻውን ለ24 ይሆናል፣ 60 ያለው ግን በርካሹ ኮንትሮለር (ከሶላር ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው ዕቃ) 24 ባትሪ በደንብ አይሞላም፣ ፀሐይ ሲከር ቮልቱ ይወርዳልና፣ ሻጮች ይሄን አይነግሯችሁም። በጠቅላላው 150 ዋት ከሆነ በበጋ አንድ ቀን ሙሉ የወጣውን ይመልሳል። ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጉና ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ አዘንብሉት፣ እኛ ጋ ፀሐይዋ ከአናት ነው የምታልፈው፣ እንደ ጣሪያ በጣም ማዘንበል አያስፈልግም። አቧራውን በሳምንት አንዴ በጠዋት ጥረጉ። ኮንትሮለር ሳይኖር ሶላር ከባትሪ ጋር በቀጥታ አታገናኙ።

ባትሪው የሚቀመጠው ሰው በማይተኛበት፣ አየር በሚገባበት፣ ጣውላ ላይ። እሳት፣ ሲጋራ፣ ጧፍ አጠገቡ አይምጣ። አሲድ ልብስ ወይ ቆዳ ከነካ በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ዓይን ከነካ ደግሞ ሳትቆሙ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ። በወር አንዴ ውሃውን እዩ፣ ጫፎቹ ላይ ነጭ ነገር ከወጣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጽዱ፣ ቡሎኖቹን አጥብቁ፣ መብራት ባይጠፋም እንኳ በሳምንት አንዴ አምስት ደቂቃ አስነሱት፣ ችግሩን ጠፍቶ ባለበት ቀን ሳይሆን በደህናው ቀን ነው ማግኘት ያለባችሁ።

የሞተውን ባትሪ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡት ሽጡት፣ ከነአሲዱ። አሲዱን ጓሮ አፍስሶ ሳጥኑን ብቻ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ውስጡ ያለው እርሳስ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ያንን ውሃ ልጆቻችን ናቸው የሚጠጡት። የኔ ጉድጓድ ከባትሪው ቤት 12 እርምጃ ነው ያለው፣ ለዚህ ብዬ ከጣውላው ሥር ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ አድርጌበታለሁ፣ እናንተም አድርጉ።